የኤሌክትሮኒክ የዋጋ ማሳያ ሰሌዳን በገበያ ስፍራ ስለ መትከልና ስለ መጠበቅ

ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን እህል በአውድማ ቢሰበስብም፣ የድካሙን ዋጋ የሚያገኘው በገበያ ስለ ሆነ የገበያውን ዋጋ አስቀድሞ ማወቁ ከበሬውና ከማረሻው የማያንስ ጥቅም ይሰጠዋል። ዋጋውን የማያውቅ ሻጭ ዋጋውን ጠንቅቆ ከሚያውቅ ገዢ ፊት በቆመ ጊዜ፣ ሚዛኑ የተስተካከለ ቢሆን እንኳ ንግዱ የተስተካከለ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ መስፈሪያና ሚዛን እንዳይጐድል መቈጣጠር የአስተዳደር ሥራ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የዋጋው ወሬ ለሻጭና ለገዢ እኩል እንዲደርስ ማድረግም የአስተዳደር ሥራ ሆኖ ይቈጠራል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ከተቋቋመና በሚያዝያ ወር 2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ በኋላ፣ በአዲስ አበባ በመገበያያው አዳራሽ የተቈረጠው ዋጋ በገጠር የገበያ ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች በብርሃን እየተጻፈ ለሕዝብ እንዲታይ ተደርጎ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰሌዳ በገበያው ሊያስተክል የሚያስብ አስተዳዳሪና የወረዳ ሹም፣ ግድግዳውን ወይም ይዞታውን ለዚሁ የሚሰጥ ባለይዞታም፣ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ በደንብ ያልተተከለ ሰሌዳ ሰውና ከብት ሊገድል የሚችል መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በደንብ ያልተጠበቀ ሰሌዳ የትናንቱን ዋጋ የዛሬ አስመስሎ እያሳየ ሊጠቅመው የተተከለለትን ገበሬ የሚጐዳ መሆኑ ነው። ሁለቱም ጥፋት የሚመጣው በሥራው መጨረሻ ቸል በሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች ስለ ሆነ፣ ከዚህ ቀጥሎ በየተራው ተገልጿል።

ሰሌዳው ምን እንደ ሆነ

የሰሌዳው ፊት ኤል ኢ ዲ በሚባሉ በብዙ ሺህ ጥቃቅን መብራቶች የተሞላ ነው። እነዚህ መብራቶች እንደ ቀድሞው አምፖል በውስጣቸው የሚግል ሽቦ የላቸውም፤ ኤሌክትሪክ ሴሚኮንዳክተር በሚባል ጠጣር ነገር ውስጥ ሲያልፍ ብርሃን ይሰጣሉ። ለዐይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤል ኢ ዲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ ሠራ። ብሩህ የሆነውን ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ የፈለሰፉት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራም በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከሰማያዊው መገኘት በኋላ በሰሌዳ ላይ ማናቸውንም ቀለም ማሳየት ተቻለ።

መብራቶቹ ሞጁል በሚባሉ ትንንሽ ገበታዎች ላይ ተደርድረው ይሠራሉ። ለደጅ ሰሌዳ እጅግ የተለመደው ፒ10 የሚባለው ሞጁል ወርዱ 32 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 16 ሳንቲሜትር ነው፤ በነጥብና በነጥብ መካከል 10 ሚሊሜትር ርቀት ስላለ በአንዱ ሞጁል ላይ 512 ነጥቦች ይገኛሉ። 6 ሞጁል በወርድ፣ 6 ሞጁል በቁመት የተጋጠመ እንደ ሆነ 1 ሜትር ከ92 ሳንቲሜትር ወርድና 96 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ሰሌዳ ይሆናል፤ ነጥቦቹም 18,432 ናቸው። ከሞጁሎቹ በስተኋላ ፓወር ሰፕላይ የሚባሉት ሣጥኖች ይቀመጣሉ፤ ሥራቸውም ከመስመር የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 5 ቮልት መለወጥ ነው። ከእነርሱም ጋር ጽሑፉን ከኮምፒውተር ተቀብሎ ለሞጁሎቹ የሚያከፋፍል መቈጣጠሪያ ካርድ አለ። እንግዲህ ሰሌዳውን መጠበቅ ማለት እነዚህን ሦስቱን፣ ማለት ሞጁሉን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ካርዱን፣ ከውሃ፣ ከሙቀት፣ ከአቧራና ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ኃይል መጠበቅ ማለት ነው።

ስለ ስፍራው ምርጫ

ሰሌዳው እህል በሚለካበትና ዋጋ በሚነጋገሩበት ስፍራ ፊት ለፊት ሊተከል ይገባል። በአስተዳደር ግቢ ውስጥ ወይም በዋናው መንገድ ላይ ለማማር ብቻ የተተከለ ሰሌዳ ለገበሬው አይጠቅመውም። የፊደሉ ቁመት በ1 ሳንቲሜትር 3 ሜትር ያህል ርቀት እንዲነበብ ያደርጋል ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ 16 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ፊደል ከ48 ሜትር ያህል ርቀት ሊነበብ ይችላል። ነገር ግን የግዕዝ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የሚለየው በትንሽ ቅጥልና በእግር ማጠርና መርዘም ስለ ሆነ፣ ነጥቦቹ ጥቂት ከሆኑ አንዱ ፊደል ከሌላው ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ለአንድ መስመር ጽሑፍ ከ16 ነጥብ ያነሰ ቁመት መስጠት አይገባም፤ ቢቻል 32 ነጥብ ቢሆን ይመረጣል።

የፀሐይ ብርሃን በሰሌዳው ፊት ላይ ቀጥታ ሲያርፍ ጽሑፉ አይታይም። ወደ ምሥራቅ የዞረ ሰሌዳ ጧት፣ ወደ ምዕራብ የዞረ ሰሌዳ ከቀትር በኋላ በዝቅተኛ ፀሐይ ይመታል። በኢትዮጵያ ፀሐይ በቀትር ከራስ በላይ ስለምትውል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የዞረ ሰሌዳ ከላዩ አጭር ክዳን የተደረገለት እንደ ሆነ ቀኑን ሙሉ በደንብ ይነበባል። ለደጅ የሚገዛው ሰሌዳ ብርሃኑ በስኩዌር ሜትር እስከ 5,000 ካንዴላ የሚደርስ ሊሆን ያስፈልጋል፤ ለቤት ውስጥ የተሠራውን በርካሽ ገዝቶ በደጅ መስቀል ገንዘብን ማባከን ነው።

የሰሌዳው የታች ጠርዝ ከመሬት ከ2 ሜትር ተኩል በታች አይሁን። ከሁሉም በላይ ሰሌዳው በከፍተኛ ኃይል መስመር ሥር ወይም አጠገብ ፈጽሞ አይተከል። በገጠር ከተሞች የሚያልፈው መስመር 15,000 ወይም 33,000 ቮልት ተሸክሞ ይገኛል። እንዲህ ያለው ኃይል እስኪነካ ድረስ አይጠብቅም፤ የብረት ምሰሶ ወይም መሰላል ሲቀርበው በአየር ላይ ዘሎ ሊመታ ይችላል። ስፍራው ሲመረጥ የዛሬው ቁመት ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት ለጥገና የሚቆመው መሰላል ቁመትም አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ስለ ምሰሶውና ስለ መሠረቱ

ሰሌዳ ነፋስን እንደ ሸራ ይቀበላል። በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር ላይ 55 ኪሎ የሚያህል ግፊት ያሳርፋል። ስለዚህ ከላይ የተነገረው ሰሌዳ በማዕበል ጊዜ ከራሱ ክብደት ሌላ ከ100 ኪሎ በላይ የሚገፋ ኃይል ያገኘዋል። በጭቃ ግድግዳ ወይም በአሮጌ የእንጨት ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ በሰው ላይ የሚወድቀው ይህ ሳይታሰብ ሲቀር ነው።

ምሰሶው የብረት ሆኖ በፌሮና በአርማታ በተሠራ መሠረት ላይ በብሎን ሊታሰር ይገባል። ጥልቀቱን የሚወስነው መሐንዲስ ቢሆንም፣ የአፈሩን ጠባይ የሚያውቁት የአገሩ ሰዎች ስለ ሆኑ አስቀድሞ እነርሱን መጠየቅ መልካም ነው። መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋም ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመውንም ምሰሶ ዓመት በዓመት እያንቀሳቀሰ ያዘነብለዋል። በእንዲህ ያለው ስፍራ ጉድጓዱ አፈሩ ከሚሰነጠቅበት ጥልቀት አልፎ ሊቈፈር፣ የወጣውም መረሬ በጠጠርና በደህና አፈር ሊተካ ያስፈልጋል። ብየዳው ካለቀ በኋላ ብረቱ ሁሉ ዝገት በሚከላከል ቀለም ይቀባ። ሰሌዳው በግድግዳ ላይ የሚሰቀል እንደ ሆነም ግድግዳው የድንጋይ ወይም የአርማታ ይሁን፤ ብሎኑም በግድግዳው ውስጥ አልፎ በስተኋላ በብረት ሳህንና በዳዶ ይጠበቅ።

ስለ ኤሌክትሪኩ መስመር

ለሰሌዳው የሚሳበው መስመር ከቆጣሪው ተነሥቶ ለብቻው ሊመጣ ይገባል። ከወፍጮ ቤት ወይም ከብየዳ ቤት መስመር ላይ ተቀጥሎ የሚመጣ ኃይል ሞተሩ በተነሣ ቍጥር ስለሚወርድና ስለሚወጣ ፓወር ሰፕላዮቹን በአጭር ጊዜ ይጨርሳቸዋል። መስመሩ የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ብሬከሩም በቀላሉ በሚደረስበትና ቍልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ብዙ ሰው ሰሌዳው በ5 ቮልት ብቻ ስለሚሠራ አደጋ የለውም ብሎ ያስባል። 5 ቮልት ሰውን እንደማይመታ እውነት ነው፤ ነገር ግን እሳት ያስነሣል። ምክንያቱም ይህ ነው። 200 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ በ220 ቮልት በኩል የሚስበው ከ1 አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ በ5 ቮልት በኩል የሚያወጣው ግን 40 አምፔር ነው። ሽቦን የሚያግለው የአምፔሩ ብዛት ስለ ሆነ፣ በ5 ቮልት በኩል ያለው ሽቦ ቀጭን ወይም ማሰሪያው የላላ እንደ ሆነ ይግላል፤ ላስቲኩም ይቀልጣል፤ ከዚያም ሰሌዳው ከውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ ሠራተኛው የማሰሪያ ብሎኖቹን ሁሉ በካቻቢቴ አጥብቆ እንደ ሆነ አንድ በአንድ ሊመረመር ይገባል። ከተከላው በኋላም በመጀመሪያው ወር መጨረሻ እንደገና ይጥበቁ፤ ሽቦ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ብሎን ይላላልና። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ቅጥል በሰሌዳ ውስጥ ሊገኝ አይገባውም። 200 ዋት የሚችለውን ፓወር ሰፕላይም ከ150 ዋት በላይ አለማሸከም ዕድሜውን ያረዝማል።

ስለ መሬት መስመር

ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ክፍል ብቻ የሚያስታውስ ሹም ቢኖር ሊያስታውሰው የሚገባው ይህን ነው። በገበያ መካከል የቆመ የብረት ምሰሶ ሰው የሚደገፈው፣ ሕፃን የሚጫወትበት፣ ገበሬ አህያውንና በቅሎውን የሚያስርበት ነገር ነው። በሰሌዳው ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ብረቱን የነካ እንደ ሆነ፣ ምሰሶው ሁሉ 220 ቮልት ተሸክሞ ይቆማል። ሰሌዳው ግን እንደ ወትሮው እየበራ ዋጋውን ያሳያል፤ አደጋው ከውጭ አይታይም። በበጋ፣ ደረቅ ጫማ ያደረገ ሰው ነክቶት ምንም ላይሰማው ይችላል። በክረምት በጭቃ ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው የነካው ዕለት ግን ይሞታል። ከብት ደግሞ ከሰው ይልቅ በቶሎ ይጠቃል፤ በፊትና በኋላ እግሩ መካከል ያለው ርቀት ረጅም ስለ ሆነ በመሬት ውስጥ የሚሰራጨው ኤሌክትሪክ በአንደኛው እግር ገብቶ በልቡ በኩል አልፎ በሌላው ይወጣል። ምሰሶውን ሳይነካ በአጠገቡ በመቆሙ ብቻ ሊሞት የሚችለው ስለዚህ ነው።

ይህን የሚከላከሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

1ኛ፤ ሠራተኞች ኧርዝ የሚሉት የመሬት መስመር ነው። ይኸውም መዳብ የለበሰ ዘንግ በመሬት ውስጥ በጥልቅ ተቀብሮ፣ ከምሰሶው፣ ከሰሌዳው አካልና ከፓወር ሰፕላዮቹ ጋር በወፍራም የመዳብ ሽቦ ሲታሰር ነው። የመሬቱ መከላከል ተለክቶ ከ10 ኦም ባይበልጥ መልካም ነው። መሬት ሲደርቅ መከላከሉ ስለሚጨምር በክረምት ተለክቶ ጥሩ የተባለው በበጋ ጥሩ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ልኬቱ በየዓመቱ በበጋው መጨረሻ፣ ዝናብ ሳይጥል፣ ይደረግ። አንዱ ዘንግ ያልበቃ እንደ ሆነ ሁለተኛና ሦስተኛ ዘንግ ራቅ ራቅ አድርጎ ቀብሮ ማያያዝ ነው። ኒውትራሉን ሽቦ እንደ ኧርዝ አድርጎ ከምሰሶው ጋር ማሰር ግን ነፍስ የሚያጠፋ ስሕተት ነው፤ ኒውትራሉ በአንድ ስፍራ የተበጠሰ ዕለት ምሰሶው ሁሉ ኤሌክትሪክ ይሆናልና።

2ኛ፤ አርሲዲ የሚባለው ልዩ ብሬከር ነው። ይህ መሣሪያ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ እያስተያየ፣ 30 ሚሊአምፔር ያህል እንኳ ወደ መሬት የጠፋ እንደ ሆነ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ መስመሩን ይቈርጣል። የተለመደው ብሬከር ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት በሂሳብ ይታያል። የመሬቱ መከላከል 10 ኦም ሲሆን 220 ቮልት ሊያሳልፍ የሚችለው ቢበዛ 22 አምፔር ነው። እንግዲህ 25 አምፔር የሚል ብሬከር የተደረገ እንደ ሆነ ሽቦው ብረቱን ነክቶ ሳለ ብሬከሩ አይወርድም፤ ምሰሶውም ሕዝብ በመካከሉ ሲመላለስ ሕይወት የሚያጠፋ ኃይል ተሸክሞ ይቆያል። በአርሲዲው ላይ ያለውን የመሞከሪያ ቍልፍ በየወሩ አንድ ጊዜ መጫን ያስፈልጋል፤ ሲጫን ያልወረደ መሣሪያ በዚያው ቀን ይለወጥ።

የመብረቅም ነገር ከዚሁ ጋር ይታሰባል። በደጋው ክረምት መብረቅ የሚበዛ በመሆኑ በመስመሩ መግቢያ ላይ ሰርጅ ፕሮቴክተር የሚባለው መከላከያ ይደረግ፤ እርሱም ከመሬቱ መስመር ጋር በአጭር ሽቦ ይታሰር። መሬት የሌለው መከላከያ መብረቁን የሚጥልበት ስለሌለው ዋጋ የለውም።

ስለ ውሃ፣ ስለ ሙቀትና ስለ አቧራ

ውሃ ወደ ሰሌዳ የሚገባው ከፊት ብቻ አይደለም፤ ኬብሉን ተከትሎ ይገባል። ስለዚህ ኬብሉ በሰሌዳው ታች በኩል ይግባ፤ ከመግባቱም በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንደ ገና ወደ ላይ ይታጠፍ፤ ውሃው ከመታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባልና። የደጅ ሰሌዳ በፊቱ በኩል አይ ፒ 65 የሚለውን ደረጃ ያለው ይሁን፤ ይህ ቍጥር አቧራ እንደማያስገባና የሚረጭ ውሃ እንደማይጐዳው ያመለክታል። በታች በኩል ትንሽ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ይተውለት፤ በወንፊትም ይሸፈን። በክረምት ሰሌዳውን ለብዙ ሳምንት አጥፍቶ መተው እርጥበት በውስጡ እንዲቀመጥ ያደርጋል፤ ገበያ ባይኖር እንኳ በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ቢበራ የራሱ ሙቀት ያደርቀዋል።

ሙቀት በቀስታ የሚገድል ጠላት ነው። በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ካፓሲተር የሚባሉት ክፍሎች ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በደጋ አገር ቀኑ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ችግር የለም ማለት አይገባም። አየሩ በከፍታ እየሳሳ ስለሚሄድ በ2,400 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ስስ አየርም ሙቀትን በደንብ አይወስድም። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ እንዲሠሩ ተብለው የሚሠሩ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በላይ ላለ ከተማ የሚገዛ ሹም ሻጩን ስለዚህ ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ።

የበጋ አቧራ የአየር ማስገቢያውን ወንፊት ይደፍናል፤ አይጥ ኬብል ይቈረጥማል፤ ተርብና ወፍ በሙቀቱ ተስበው ጎጆ ይሠራሉ። ወንፊቱ በበጋ በየወሩ ይጠረግ፤ ኬብሉም በብረት ወይም በጠንካራ ቱቦ ውስጥ ይለፍ።

ስለ ዕለት አያያዝ

ሰሌዳው ሲከፈት አስቀድሞ ኮምፒውተሩ፣ ቀጥሎ ሰሌዳው ይበራል። ሲዘጋ ደግሞ አስቀድሞ ሰሌዳው፣ በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። መብራት የሄደ እንደ ሆነ ጠባቂው ወዲያው ብሬከሩን ያውርድ፤ መብራቱ ሲመለስ በመጀመሪያ ጊዜ ኃይሉ ከልክ በላይ ከፍ ሊል ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያውጣው። ማታ ብርሃኑን መቀነስ መብራቶቹንም የኤሌክትሪኩንም ሂሳብ ያድናል።

ፊቱ የሚጸዳው በደረቅና በለስላሳ ብሩሽ ነው። ሰሌዳው ሳይጠፋ አይነካ፤ በውሃ ቱቦ አይታጠብ፤ በእርጥብ ጨርቅም አይታሽ። የሠለጠነ ሠራተኛ ሳይኖር ከኋላ ያለውን በር ማንም አይክፈት። በፓወር ሰፕላይ ውስጥ መስመሩ ከተቈረጠ በኋላ እንኳ 310 ቮልት ያህል ተጠራቅሞ ይቆያል፤ ስለዚህ ሠራተኛውም ቢሆን ብዙ ደቂቃ ጠብቆና በቴስተር ለክቶ እጁን ያግባ። በሚጠገንበት ጊዜ ብሬከሩ ወርዶ ሣጥኑ ይቈለፍ፤ ቍልፉም በሚሠራው ሰው ኪስ ይሁን።

አደጋ የደረሰ እንደ ሆነ

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ ለመሳብ መሞከር ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው። አስቀድሞ ብሬከሩ ይውረድ። ብሬከሩ ሩቅ የሆነ እንደ ሆነ በደረቅ ስፍራ ቆሞ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውየው ማራቅ ይቻላል፤ ይህ ግን ለ220 ቮልት ብቻ ነው፤ ወደ ከፍተኛው ኃይል መስመር መቅረብ ክልክል ነው። ሰውየው መተንፈሱን ያቆመ እንደ ሆነ ሐኪም እስኪደርስ በደረቱ መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሳንቲሜትር ያህል እስኪጐደጕድ መጫን ነፍስ ያድናል። እሳት የተነሣ እንደ ሆነ ውሃ አይፈስበት፤ መስመሩ ተቈርጦ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም በዱቄት ማጥፊያ ይጥፋ። ማጥፊያው ከሰሌዳው ብሬከር አጠገብ ዘወትር ይኑር።

በሰሌዳው ላይ ስለሚጻፈው ዋጋ

ሰሌዳው በደንብ ቢተከል ሥራው ገና ተጀመረ እንጂ አላለቀም። በብርሃን የተጻፈ ነገር በሕዝብ ዘንድ እንደ እውነት ይቈጠራል። ለምሳሌ 6 ኩንታል ሰሊጥ ያመጣ ገበሬ በሰሌዳው ላይ ያለው ዋጋ የአሮጌ ሳምንት መሆኑን ሳያውቅ በኩንታል 100 ብር አጕድሎ ቢሸጥ በአንድ ጧት 600 ብር ያጣል። ያሳሳተው ነጋዴ አይደለም፤ በሕዝብ ገንዘብ የተተከለው ሰሌዳ ነው። ስለዚህ የጠፋ ሰሌዳ የተሳሳተ ዋጋ ከሚያሳይ ሰሌዳ ይሻላል።

በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቍጥር ብቻውን አይበቃም። የእህሉ ስም፣ ደረጃው፣ የዋጋው ቀንና መስፈሪያው አብረው ይጻፉ። ቡና በፈረሱላ፣ ማለት በ17 ኪሎ ሲነገር፣ ሰሊጥ በኩንታል፣ ማለት በ100 ኪሎ ይነገራል፤ መስፈሪያው ያልተጻፈበት ቍጥር አዋቂውን እንኳ ያሳስታል። የአማርኛ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር ተዘጋጅቶ እንደ ሥዕል ወደ ሰሌዳው ስለሚተላለፍ፣ ጽሑፉ ከተላለፈ በኋላ ጠባቂው ወደ ደጅ ወጥቶ ፊደሉና ቍጥሩ ሳይቈረጥ መታየቱን በዐይኑ ይመልከት። መቈጣጠሪያው ካርድ ከፋብሪካ የመጣበት የምስጢር ቃል በመጀመሪያው ቀን ይለወጥ፤ ያለዚያ ስልክ የያዘ ማንም ሰው ያሻውን ዋጋ ሊጽፍበት ይችላል። ወሬው ያልደረሰ ቀን ሰሌዳው ዋጋው ያልታደሰ መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ አለዚያም ይጥፋ።

የሹማምንት ኃላፊነት

ሰሌዳ የሁሉ ነው ተብሎ የማንም ሳይሆን የቀረ እንደ ሆነ በሁለተኛው ክረምት ጨለማ ይሆናል። ስለዚህ አስተዳዳሪው ከመግዛቱ አስቀድሞ አንድ ጠባቂና አንድ ተተኪ በስማቸው ይሹም፤ ለመለዋወጫም በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ ይመድብ። ሲገዛም ጥቂት ትርፍ ሞጁሎችና ሁለት ፓወር ሰፕላይ ከዚያው ዕቃ ጋር ይግዛ፤ ከዓመታት በኋላ የሚገዛው ሞጁል በብርሃኑ ከቀድሞው ጋር አይመሳሰልምና። የወረዳው ሹም አንድ መዝገብ ያስይዝ፤ በመዝገቡም የመሬቱ ልኬት በኦም፣ የአርሲዲው ሙከራ፣ የጽዳቱ ቀን፣ የተለወጠው ዕቃና ዋጋው ያልታደሰበት ቀን ሁሉ ይጻፍ። ባለይዞታውም ምሰሶው በቆመበት ስፍራ ከብት እንዳይታሰር አጥር ያድርግ፤ ሽቦ ከዚያ መስመር ላይ እንዳይቀጠልም ይጠብቅ።

ሥራውን ተረክቦ ከመፈረሙ በፊት ሹሙ ከሠራተኛው ሦስት ነገር በዐይኑ ፊት እንዲደረግ ይጠይቅ፤ የመሬቱ መከላከል ይለካ፣ አርሲዲው ተሞክሮ ይውረድ፣ የኋላው በር ተከፍቶ ማሰሪያዎቹ ይታዩ። ይህ ሁሉ የሚወስደው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው። ይህን አንድ ሰዓት ያልሰጠ ሹም በኋላ በክረምት ጭቃ ውስጥ በባዶ እግሩ ወደ ምሰሶው ለሚጠጋው ገበሬ ሕይወት ተጠያቂ መሆኑን ያስብ። በሚገባ ተተክሎ በሚገባ የተጠበቀ ሰሌዳ ግን በገበያው መካከል እንደ ተስተካከለ ሚዛን ሆኖ ያገለግላል፤ ከሩቅ ቀበሌ እህሉን ጭኖ የመጣው ገበሬም ማንንም ሳይለምን ቀና ብሎ አይቶ የድካሙን ዋጋ ያውቃል።